ከመኪና ማቆሚያው የተነቀለ ቄጠማ

ተክል አየር አያጸዳም። ሳሎናችሁ ጥግ ያቆማችኋት፣ ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ የምትወለውሉላት፣ ራቅ ያለ መንገድ ስትሄዱ ለጎረቤት አደራ የምትሰጧት ያቺ ተክል ለሳንባችሁ ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራችም። መስኮቱን ከፍታችሁ ሻይ እስኪፈላ ብትጠብቁ የሚገባው ንጹሕ አየር፣ እሷ ዓመት ሙሉ ቆማ ከምታደርግላችሁ ይበልጣል። ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች ቢጠየቁ ይህንኑ ይነግሯችኋል። የሚጠይቃቸው ግን የለም፤ ተክሉ አንዴ ተገዝቷላ።

እንዲህ ያለውን ነገር በሰው ቤት፣ በተለይ በልደትና በቤት ምረቃ ላይ መናገር እወዳለሁ። ተክል በስጦታ ይዞ የመጣ እንግዳ አጠገቤ ሲቀመጥ ደግሞ ይብስብኛል። ባለቤቴ ሰብለ ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ትጎስመኛለች። የእሷ ሳሎን ጫካ ነው፤ ሶፋው ላይ ለመቀመጥ ቅጠል ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ ግን ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ሲገጥመኝ አንገቴ አካባቢ ያሳክከኛል። ብዙ ማንበብ የሚያመጣው በሽታ ነው። መድኃኒቱ ሌላ መጽሐፍ ስለሆነም አይድንም።

ይህ በሽታዬ ባለፈው እንቁጣጣሽ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። በዓሉን አበላሸው ልበል ወይስ ሌላ ነገር፣ እናንተው ፍረዱ።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የተደረደሩ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ካሉበት መንደር። መሀል ላይ የጋራ መኪና ማቆሚያ አለ። ከማቆሚያው ጫፍ፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ላይ፣ እንደ ገበታ ጎድጎድ ያለ መሬት አለ፤ ሣርና አበባ ተተክሎበታል። ሬይን ጋርደን ይሉታል። ዝናብ ሲዘንብ አስፋልቱን አጥቦ የሚወርደው ውኃ እዚያ ገብቶ ይቆማል። ከመኪኖቻችን የተንጠባጠበው ዘይት፣ ከፍሬን የሚረግፈው ጥቁር ብናኝ፣ ከጎማ የሚላገው ሁሉ ሣሩ ላይና አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ውኃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ይህን ሁሉ የሚያስረዳ ባለ ሥዕል ሰሌዳ አጠገቡ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ አንድ ፈገግ ያለ እንቁራሪት አለ። እኔ ደግሞ ፈገግ ያለ እንቁራሪት የሚነግረኝን አምኜ አላውቅም።

በረዶው ቀልጦ የመንደሩ ማኅበር ሲሰበሰብ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። እንግዳ ሲመጣብን መኪና የሚያቆምበት አጥቶ መንደሩን ይዞራል፣ እኛ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ አረም እንንከባከባለን፤ ይደልደልና አስፋልት ይሁን አልኩ። ንግግሬ ጥሩ ነበር፤ ሁለት ጥቅስና አንድ ቀልድ ነበረው። ያጨበጨበም አልጠፋም። ውሳኔው ቅጠል ሲረግፍ ለሚደረገው ስብሰባ ተቀጠረ።

የተቃወመችኝ ሚስ ዶሮቲ ናት። ጡረታ የወጣች የሙዚቃ አስተማሪ ናት፤ ቤቷ ከሁላችንም ቤት ዝቅ ብሎ፣ ልክ ከሬይን ጋርደኑ ሥር ነው። ሣሩን የተከሉት እሷና ሟቹ ባሏ ናቸው፣ በእጃቸው። ያ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ዝናብ በመጣ ቁጥር ምድር ቤቷ ይሞላ እንደነበር፣ ፒያኖዋም እዚያ እንደሆነ ተናገረች። እኔም ያ የቱቦ ጉዳይ እንጂ የአበባ ጉዳይ አይደለም ብዬ መለስኩ። ስለ ቱቦ የማውቀው ነገር የለኝም። ሰው ስለማያውቀው ነገር እንዲህ በልበ ሙሉነት እንዴት ይናገራል ብላችሁ ከገረማችሁ፣ ስብሰባ ሄዳችሁ አታውቁም ማለት ነው።

አሁን እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። የሰብለ አክስት ናቸው፤ እናቷ ስትሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ባለ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሰብለን ሳገባ «ሙሽራው» ብለው ጠሩኝ፤ ፀጉሬ ሸብቶ ግማሹም ተሰናብቶኝ ሄዶ፣ እሳቸው ዘንድ ዛሬም ሙሽራው ነኝ። ባለቤታቸው ጋሽ ወርቁ ካረፉ ወዲህ ግን እትዬ ከቤት መውጣት ተዉ። ተዝካሩ ወጣ፣ ዓመቱ አለፈ፣ ጥቁሩ አልወለቀም። መጋረጃው አይገለጥም። ስልክ ቢያነሡም «ደህና ነኝ» ብለው ይዘጋሉ። ለፋሲካ ጠራናቸው፣ እምቢ አሉ። ለክርስትና ጠራናቸው፣ እምቢ አሉ። ነሐሴ ሲገባደድ ሰብለ ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ዘንድሮ እንቁጣጣሽን እዚህ ካልዋሉ፣ ከዚያ ቤት የሚያወጣቸው ነገር አይኖርም» አለችኝ። «አውቃቸዋለሁ።»

በየቀኑ እየደወለች ለመነቻቸው። በመጨረሻ እትዬ ቄጠማ ትጎዘጉዛላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወርቁ ታክሲ ይነዱ በነበረበት ዘመን የአውደ ዓመት ቄጠማ የሳቸው ሥራ ነበር፤ ትራንኩን ሞልተው መጥተው፣ ለእትዬም ለፎቁ ሐበሻ ሁሉም ያድሉ ነበር። ሰብለ እንዴታ፣ እንጎዘጉዛለን አለች። እትዬም እንግዲያው እመጣለሁ አሉ። ሰብለ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። ዶሮውን እሷ፣ ድፎውን እሷ፣ እትዬን ከአሌክሳንድሪያ ማምጣቱን ልጃችን ሊያ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ተሰጠኝ፤ ቄጠማ።

እኔ ግን መጀመሪያ መከራከር ነበረብኝ። ለአንድ ቀን ተጎዝጉዞ በማግስቱ ለሚጠረግ ሣር ይህን ሁሉ መኪና ማስነዳት፣ ይህን ሁሉ ፕላስቲክ ከረጢት መጣል ለምድሪቱ ምን ማለት እንደሆነ እራት ላይ አብራራሁ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ሊያ ከስልኳ ቀና ሳትል «ዳድ፣ ጀስት ጌት ዘ ግራስ» አለች፤ ወሬውን ትተህ ሣሩን አምጣ ነው። እኔም እያብራራሁ ቀኑ ሄደ።

በዓሉ እሑድ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን የሐበሻ ሱቆች አዳረስኩ፤ ቄጠማ ጠዋት አልቋል። አሌክሳንድሪያ ደወልኩ፣ አልቋል። ስፕሪንግፊልድ ደወልኩ፤ ያነሣው ሰው ሳቀብኝ። መጨረሻ የገባሁበት ሱቅ ያለው ወጣት አዘነልኝና ከጀርባ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ አረንጓዴ ፕላስቲክ አወጣ።

«ጋሼ፣ እንዲያውም ይሄ ይሻልዎታል» አለኝ። «አይደርቅም፣ አይረግፍም፣ ታጥቦ ለገና ይደርሳል።»

እሱን ይዤ ብገባ ሰብለ እኔንም ጠቅልላ ከጀርባ እንደምታቆመኝ ስለማውቅ አመስግኜ ወጣሁ። ቤት ስገባ ቄጠማውስ ብላ ጠየቀችኝ። ጠዋት ይመጣል አልኩ። ከየት እንደሚመጣ እኔም አላውቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት ሰብለ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ሊያም ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳች። እኔ ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ። ሌሊቱን ጤዛ ወርዶ ነበር። የማቆሚያው ጫፍ ላይ ስደርስ አረም ስለው የኖርኩት ሣር እስከ ጉልበት ደርሶ፣ ረዘም ረዘም ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ያበራል። በመሀሉ ቢጫ አበባ ፈንድቷል፤ መሀሉ ጥቁር ባይሆን ኖሮ አደይ ነው ብዬ በማልኩ ነበር። ዓለምን የፈጠረ አምላክ ለሰነፍ ባልም ያስባል ብዬ አሰብኩ።

ሮጬ ገብቼ የወጥ ቤት ቢላና የልብስ ቅርጫት ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ በቢላው ቆረጥኩት፤ ጫፉ ተንጨባረረብኝ። ደህና ቄጠማ ደግሞ ከታች ነጭ መሆን አለበት፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አንዷን ጭብጥ ይዤ ሳብ ሳደርጋት ከነሥሯ ሽልል ብላ ወጣች፤ ነጭ፣ እንደ ሽንኩርት። አፈሩ ለስላሳ ነው። ከዚያ በኋላ ቢላውን ጣልኩት። እየነቀልኩ፣ ሥሩን አስፋልቱ ላይ እያራገፍኩ ቅርጫቱን ሞላሁ፤ አበባውንም ጨመርኩበት። በጠዋት የሚሮጥ አንድ ጎረቤት ሲያልፍ አየኝና አረም ማውጣቴን አድንቆ አውራ ጣቱን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁለት።

ሰብለ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር። ነጠላዋን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች። ከየት አገኘኸው አለችኝ። ፈልጌ አልኳት፤ ውሸት አልነበረም። ግንባሬን ሳመችኝ። ከዓመታት ወዲህ ስለ ተክል ተስማምተን አናውቅም ነበር።

ሊያ እትዬን ይዛ መጣች። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ነጠላ። በር ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ከላያቸው ጥቁር ያልሆነው ነጭ ካልሲያቸው ብቻ ነበር። ቄጠማውን ሲያዩ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ሊመለሱ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ «ጎሽ፣ ሙሽራው» ብለው ገብተው ተቀመጡ። በዚያች ሰዓት ሐውልት ሊያቆሙልኝ ቢመጡ እሺ እል ነበር።

ምሳው ቀረበ። እትዬ ትንሽ ጎረሱ፤ ሰብለ ስታጎርሳቸውም አልተከላከሉም። ስለ ጋሽ ወርቁ ታክሲ አንድ ነገር ጀምረው አቋረጡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር አንዲት ዘለላ አነሡ፣ በጣታቸው አሹ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ሙሽራው» አሉ።

«አቤት እትዬ።»

«ይሄ ቄጠማ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል።»

ሁላችንም አሸተትን። ሰብለ ምድጃው ጋዝ ያፈሰሰ መስሏት ወጥ ቤት ሮጠች። እትዬ እግራቸውን ቀና አድርገው የካልሲያቸውን መርገጫ አዩት፤ መካኒክ የያዘው ጨርቅ መስሏል። አሁን ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆኑ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከደጅ።»

«ከማን ደጅ?»

«ከጋራ ደጅ።»

ሊያ ወለሉን አየች፣ እኔን አየች። ልጄ አማርኛ ትችላለች፤ ስትናደድ ግን ወደ እንግሊዝኛዋ ትመለሳለች። «ዳድ፣ ኖ። ፕሊስ ቴል ሚ ዛት ኢዝ ኖት ዘ ሬይን ጋርደን» አለች። መልሴን ሳትጠብቅ ወደ እትዬ ዞራ፣ ይሄ ሣር የመኪናውን ደርቲ ውኃ የሚጠጣው ነው ብላ ባላት አማርኛ አስረዳቻቸው፤ እጇን እያወናጨፈች፣ ዝናቡን፣ ዘይቱን፣ ጉድጓዱን። እንቁራሪቱ ከነገረኝ ይልቅ ጥሩ አድርጋ ነገረቻቸው።

እትዬ ዘለላዋን ገለበጧት። ነጩ ጫፍ ላይ ፀጉር የመሰለ ሥርና ትንሽ አፈር ነበር።

«ታዲያ ይሄ ፍጥረት የሰዉን እድፍ ለራሱ ይዞ ቆሞ ነበር በሉኛ» አሉ። «አንተ ደግሞ ነቅለህ እግሬ ሥር አነጠፍከው።»

እዚህ ላይ ወጉን ላቋርጠውና አንድ ነገር ልበል። መጀመሪያ የተናገርኩትን አልተውኩም፤ ተክል አያጸዳም። ማጽዳት የምንለው ቆሻሻው ከዓይናችን እንዲጠፋ ማድረግን ነው። ደጃችን ላይ ውኃ እንለቅና ጸዳ እንላለን። ውኃው ወደ ቱቦ ይገባል፣ ከቱቦው ስላይጎ ክሪክ ወደሚባለው ጅረት፣ ከዚያ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ፣ አናኮስቲያም ፖቶማክ ውስጥ ይገባል፣ ፖቶማክ በአሌክሳንድሪያ ዳር አድርጎ ያልፋል። እኔ በዚያ ዓመት እትዬ ቤት የሄድኩበትን ቀን አስታውስ ብትሉኝ ይቸግረኛል፤ መንገዱ ይዘጋጋል፣ ሥራ ይበዛል። በየጎዳናው ያንጠባጠብኩት የመኪናዬ ዘይት ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር መንገድ ሳይዘጋጋበት በሰፈራቸው ሲያልፍ ከርሟል። ከእኔ ይልቅ ቆሻሻዬ ይጠይቃቸው ነበር።

ተክሉ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ይይዛል። የጎዳና ዳር ዛፍ ብናኙን ቅጠሉ ላይ ይይዛል፣ በጥላው አስፋልቱን ያበርዳል። የጉድጓዱ ሣር የሚሮጠውን ውኃ ያዘገየዋል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ አፈሩ ዘይቱን ይይዛል፣ ሥሩ ዙሪያ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ነፍሳትም ቀስ እያሉ ይበሉታል። ሁሉንም አይደለም፤ የቻሉትን። ያልቻሉት እዚያው ይቆያል፣ ወደ ሌላ ሰው ደጅ አይወርድም። ይህን ጽዳት ብሎ መጥራት ሥራውን ማሳነስ ይመስለኛል። እኛ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ፣ ከሎረል ለለቅሶ ወደ ፌርፋክስ፣ ከፌርፋክስ ለሠርግ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲነዳ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያንጠባጥበውን፣ ያ ሣር ቁጭ ብሎ ይቀበላል። እኔም ከሥሩ ነጭ መሆኑን ብቻ ነበር ያየሁት።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት የሰብለን ፊት ነበር፤ ከወጥ ቤት ተመልሳ እትዬ ነጠላቸውን ሲያደላድሉ አይታለች። የሚሄድ ሰው ነው ነጠላውን እንዲያ የሚያደላድለው። እትዬ ልጅቱ ትመልሰኝ ብለው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰማዩ አጉረመረመ።

የመስከረም ዝናብ እዚህ አገር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አስፋልቱ ወዲያው ወንዝ ሆነ። በመስኮቱ እያየን ውኃው እንደ ልማዱ ወደ ጉድጓዱ ገባ፤ የሚያዘገየው ግን አላገኘም። እኔ በነቀልኩበት ላይ የላላውን አፈር ቆረሰ፣ ቡናማ ሆኖ ዞረ፣ ጭቃና ጭራሮ ይዞ የትርፍ ውኃ መውጫውን ወንፊት ደፈነው። ከዚያ ከዳሩ ተርፎ ቁልቁል ወረደ፤ ወደ ሚስ ዶሮቲ ምድር ቤት ደረጃ። ላዩ ላይ ዘይቱ የቀስተ ደመና ቀለም ሠርቶ ነበር፤ ያምር ነበር ብል ይቅር በሉኝ። ሚስ ዶሮቲ የዝናብ ካፖርት ለብሳ መጥረጊያ ይዛ ብቅ አለች። ውኃውን ትገፋለች፣ ውኃው ይመለሳል።

«ማናት ያቺ ሴትዮ?» አሉ እትዬ።

ጎረቤት ናት አልኩ።

«ሰው የላትም?»

ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ሩቅ ናቸው አልኩ።

እትዬ ያደላደሉትን ነጠላ ወገባቸው ላይ አሰሩ። «ታዲያ ቆመን ምን እናያለን?» አሉ። «ሰብለ፣ ቦት ጫማ ስጪኝ። አንተ፣ ቄጠማህን ሰብስብ።»

ዓመት ከቤት ያልወጡ ሴትዮ በነጎድጓድ መሀል ከቤት ወጡ። እኔ ቅርጫቴን ታቅፌ ከኋላ፣ ሊያ በባልዲ፣ ሰብለ ሦስታችንንም በአንድ ጃንጥላ ልትሸፍን እየሞከረች። ሚስ ዶሮቲ መምጣታችንን ስታይ ደስ አላት። ከዝናቡ በላይ እየጮኸች አጋዘን ሌሊት ገብቶ ሣሩን እንዳወደመው ነገረችን። እኛ ሰፈር አጋዘን የማይበላው የለም፤ የሚያምኑት ወሬ ነው። የተዘጋጀ ማምለጫ ፊቴ ቆመ። ቅርጫቱን ከጀርባዬ አድርጌ ስለ አጋዘን ችግር ራሴን መነቅነቅ ጀመርኩ።

እትዬ ምን አለች ብለው ጠየቁ። ሊያ ነገረቻቸው።

«አጋዘኑ ሙሽራው ነው በያት።»

ሊያ ይህን ስትተረጉም ያየሁባትን ደስታ የተመረቀች ዕለትም የማላይባት ይመስለኛል። ሚስ ዶሮቲ እኔን አየች፣ ቅርጫቱን አየች፣ ለምን ብላ ጠየቀችኝ። ዝናብ አፌ እየገባ አስረዳሁ፤ ዛሬ አዲስ ዓመታችን ነው፣ ወለል ላይ አረንጓዴ ሣር እንጎዘጉዛለን። ሰማችኝ። ብትጠይቀኝ ከላይ ከላይ ቆርጬ እሰጥህ ነበር፣ ሥሩን ለምን ነቀልከው አለች። ከሥሩ ነጭ ስለሆነ ያምራል አልኩ። አርባ ዓመት ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ተጠራቅሞ ያወጣው መልስ እሱ ነበር።

ወንፊቱን በእጄ ጠረግሁ። እትዬ ደግሞ ቅርጫቱን ተቀብለው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ሥር ያላቸውን ለብቻ፣ በቢላ የቆረጥኳቸውን ለብቻ አደረጉ። ሚስ ዶሮቲ ከጎናቸው ተንበርክካ በጣቷ መሬቱን ወግታ አንዷን ተክላ አሳየቻቸው፤ እትዬ ተከተሏት። በቢላ የተቆረጡትን ውኃው በሚሮጥበት ላይ አጋድመው ድንጋይ ጫኑባቸው። እትዬ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ጭቃ ውስጥ ግን አይጠቀሙበትም። ሚስ ዶሮቲ በእንግሊዝኛ እዚህ ትላለች፣ እትዬ በአማርኛ አይ እዚያ ይላሉ፤ ሳይግባቡ ተግባቡ ማለት አልችልም፣ ተጣልተው ነበር የሚተክሉት። እኔ ልረዳ ስቀርብ ሁለቱም በአንድ ላይ እጄን መቱት።

እትዬ ሊነሡ ሲሉ ቦት ጫማቸው ከዳቸው። ዘጭ ብለው ኩሬው ውስጥ ተቀመጡ፤ ውኃው እስከ ወገባቸው ደረሰ። ጥቁር ቀሚሳቸው ላይ የዘይቱ ቀስተ ደመና ይዞራል። እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸውን ረስቼው ነበር፤ ወፍራም ነው፣ ሆድ ያንቀሳቅሳል። ሰብለ ጃንጥላውን ጣለችው፤ ነፋስ ወስዶት ኋላም አልተገኘም።

ዝናቡ እንደመጣ ሄደ። የሚስ ዶሮቲ ምንጣፍ ደጃፉ ላይ ራሰ፤ ውኃው የፒያኖው እግር ጋ ሳይደርስ ቆመ። እትዬ ገላቸውን ታጥበው ሲወጡ የሚለበስ ጥቁር ነገር ቤታችን ውስጥ ጠፋ። ሰብለ የእውነት ፈልጋ ይሁን ሳትፈልግ አልጠየቅኋትም። የሊያን ባለ ኮፍያ ቢጫ ሹራብ ለብሰው፣ እጅጌውን ጠቅልለው ማዕድ ቀረቡ። ሚስ ዶሮቲም መጣች፤ ዶሮውን ስታጣጥም እንባዋ ወረደ፣ በርበሬው ነው ብላናለች። ወለሉ ተጠርጎ ባዶ ነበር። እሱን እያየሁ ይቅርታ እትዬ፣ ያለ ቄጠማ አዋልኩዎት አልኳቸው።

«ማን እንዲህ አለህ?» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ መስኮቱ እያመለከቱ። «ደጅ ተጎዝጉዟል።»

ቅጠል ሲረግፍ በተደረገው ስብሰባ እጄን አውጥቼ ሬይን ጋርደኑ ይቆይ አልኩ። ይህኛው ንግግሬ ጥቅስ አልነበረውም፤ ያጨበጨበም የለም። ጉድጓዱ ቆየ፣ እኔም የአረም ማውጫው ኃላፊ ተደረግሁ፤ በሙሉ ድምፅ። እንግዶቻችን ዛሬም መኪና ማቆሚያ አጥተው መንደሩን ይዞራሉ። ከተከልነው ሣር ግማሹ ያዘ፣ ግማሹ ደረቀ፤ በደረቀው ቦታ ሌላ እየተተካ ነው። «ደህና ነኝ» ብለው ስልክ ይዘጉ የነበሩት እትዬ አሁን አሌክሳንድሪያ ላይ ደመና ባዩ ቁጥር ራሳቸው ይደውላሉ። እዚያስ ዘነበ? ወንፊቱን አየኸው? ያቺ ሴትዮ ነካክታዋለች? ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም። ጥቁሩ ቀሚስ ታጥቦ ቁም ሣጥናችን ውስጥ ተሰቅሏል። እስካሁን አልጠየቁንም።

ችግሩ መንገዱ ነው። ሰብለ ቅዳሜ ሥራ ገቢ ናት፣ ሊያ ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች። ስለዚህ እኔ በየሳምንቱ ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ እሄዳለሁ፣ እትዬን ይዤ እመለሳለሁ፣ ማታም እንዲሁ። መኪናዬ መንገዱን ሁሉ እያጨሰችና እያንጠባጠበች፣ የመኪና እድፍ የሚይዘውን ሣር የሚንከባከቡትን ሴትዮ ታመላልሳለች። ነገሩ የሚያዋጣ መሆኑን ተቀምጬ ማስላት አልፈልግም።

ስለዚህ በግልጽ እጠይቃችኋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከአሌክሳንድሪያም ሆነ ከስፕሪንግፊልድ ባዶ ወንበር ይዛችሁ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትነዱ ሁሉ፣ እትዬ አስካለን አሳፍራችሁ አምጡልኝ። ከፊት ይቀመጣሉ፣ ሬዲዮ አይወዱም፣ ቢጫ ሹራብ ስለሚለብሱ አታጧቸውም። መኪናችሁ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ግን አስጠግናችሁ ኑ።